ሽንፍላ በሞንተሬይ ፓርክ

አዲስ አበባ ላይ ስለ አንድ ዕቃ «የቻይና ነው» ከተባለ ነገሩ አለቀ። ዋጋው ይወርዳል፤ ዋስትናም የሚጠይቅ የለም። ጫማው ክረምቱን አይሻገርም፣ ቻርጀሩ ሳምንት አይሞላውም። እኔም ይህንኑ እያልኩ ነው ያደግኩት። እዚህ ሎስ አንጀለስ ግን እሑድ ጠዋት ሰው «የቻይና ነው» ብሎ ቁጥር ይቀበልና ምግብ ቤት በር ላይ አንድ ሰዓት ይገተራል። እኔም ተገትሬያለሁ። ባለፈው ደግሞ ጋሼን ይዤ ተገተርኩ።

ጋሼ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ሊጠይቁን ለሦስት ወር መጥተዋል። በሥራ ዘመናቸው የመንገድ ፎርማን ነበሩ። አዲስ አበባን ከአዳማ የሚያገናኘው የፍጥነት መንገድ ሲሠራም እዚያው ነበሩ። እዚህም እዚያም ተደማምሮ ከቻይናዎች ጋር ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል። ስለዚህ ቻይናን የሚያውቅ ሰው በቤተሰባችን ውስጥ ካለ እሳቸው ናቸው።

የጋበዘችን የሥራ ባልደረባዬ ናት። ቤተሰቦቿ ከሆንግ ኮንግ የመጡ ናቸው። አጎቴ መምጣታቸውን ስነግራት «እሑድ ከአባቴ ጋር ዲም ሰም እንሄዳለን፤ ይዘሃቸው ና» አለች። እሺ አልኩ። ጾም አይደለም፣ ከቅዳሴ መልስ ነው፣ ምን ችግር አለው?

ከፌርፋክስ ተነስተን 10 ቁጥር ፍሪዌይን ወደ ምሥራቅ ያዝን። ዳውንታውንን አልፈን ሞንተሬይ ፓርክ ስንገባ ጋሼ ዝም አሉ። የባንኩ ጽሑፍ ቻይንኛ፣ የጥርስ ሐኪሙ ቻይንኛ፣ የመኪና ጋራዡ ሳይቀር ቻይንኛ።

«አሜሪካ እዚህ ጋ አለቀ እንዴ?» አሉኝ።

አላለቀም። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ አንድ ቻይናዊ የቤት ደላላ ይህችን ከተማ «የቻይናዎች ቤቨርሊ ሂልስ» እያለ ለሆንግ ኮንግና ለታይዋን ሰው ያስተዋውቅ ነበር። ሰውም ሰማው፣ መጣ። በ1990 በተደረገው ቆጠራ ሃዋይን ሳይጨምር ከነዋሪዎቿ ከግማሽ በላይ የእስያ ተወላጆች የሆኑባት የመጀመሪያዋ የአሜሪካ ከተማ ይህችው ሞንተሬይ ፓርክ ነበረች። የእኛዋ «ሊትል ኢትዮጵያ» በ2002 ስሟን ከከተማው ምክር ቤት አግኝታለች። ፌርፋክስ ላይ ከኦሎምፒክ እስከ ዊትወርዝ የምትደርስ አንዲት ብሎክ ናት። ጋሼ በመጡ ማግስት ወስጄ አሳይቻቸዋለሁ። ጫፏ ላይ ስንደርስ «እሺ፣ ቀጥሎስ?» አሉኝ። ቀጥሎ ምንም የለም።

ዲም ሰም የካንቶን ሰዎች፣ ማለትም የደቡብ ቻይናዎች ነው። ምግብ ከምንለው የሻይ ማጣጫ ብንለው ይቀርባል። ራሳቸውም ሲጠራሩ «ያም ቻ» ነው የሚሉት፤ ሻይ እንጠጣ ማለት ነው። እኛ «ቡና ጠጡ» ብለን ጠርተን ቆሎውን፣ ዳቦውን፣ ከዚያም የሰፈሩን ሐሜት እንደምናቀርበው። ጠዋት ይጀመራል፤ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ያበቃል። በትንንሽ የቀርከሃ ሰፌዶች ውስጥ ሦስት ሦስት፣ አራት አራት ፍሬ እየሆነ በእንፋሎት በስሎ ይመጣል። ሁሉም መሃል ላይ ይቀመጣል፤ ሁሉም ከዚያው ያነሳል። የእኔ ሳህን፣ ያንተ ሳህን የሚባል ነገር የለም።

ቁጥራችን መጀመሪያ በካንቶንኛ፣ ቀጥሎ የቻይና ብሔራዊ ቋንቋ በሆነው በማንደሪን፣ መጨረሻ ላይ በእንግሊዝኛ ተጠራ። ገባን። አዳራሹ የሠርግ አዳራሽ ነው የሚመስለው፤ ጫጫታውም እንደዚያው። ሕፃን ያለቅሳል፣ አያት ጋዜጣ ያነባል፣ ምራት ለአማት ትቀዳለች። በጠረጴዛዎቹ መሃል ሴቶች ጋሪ እየገፉ «ሃር ጋው! ሲዩ ማይ!» እያሉ ይጮኻሉ። ጋሼ ፈገግ አሉ። «ይሄማ የታክሲ ረዳት ነው። ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! የቀረው አንድ ሰው!» ልክ ናቸው። እጅህን ካላነሳህ ያልፍሃል። ብዙ ቤቶች አሁን ጋሪውን ትተው ምልክት የሚደረግበት ወረቀት ነው የሚሰጡት። ይሄኛው ቤት አልተወም፤ ወረፋውም ያለ ምክንያት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ተቀምጠን ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ምግብ ጠረጴዛችን ላይ ነበር። እኛ ሰፈር አንድ በያይነቱ እስኪመጣ ድረስ የስንቱን ሰው ትዳር አንስተን እንደምንጥል የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

የባልደረባዬ አባት ሰማንያውን የተሻገሩ፣ ኮፍያቸውን የማያወልቁ ሽማግሌ ናቸው። ማንቆርቆሪያውን አንስተው መጀመሪያ ለጋሼ ቀዱ። ጋሼ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ኧረ አይገባም! ኧረ እኔ ልቅዳ!» ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ሲኒውን ሊቀበሉ። ሽማግሌው ሳቁና ሁለት ጣታቸውን አጠፍ አድርገው ጠረጴዛውን ኳ ኳ አደረጉ። እንዲህ ነው የሚመሰገነው፣ መነሳት አያስፈልግም ማለታቸው ነው።

ልጃቸው አፈ ታሪኩን ነገረችን። ቺየንሎንግ የሚባለው ንጉሥ ራሱን ሰውሮ እንደ ተራ ሰው አገሩን ይዞር ነበር አሉ። አንድ ሻይ ቤት ገብቶ ለአሽከሩ ሻይ ይቀዳለታል። አሽከሩ ተንበርክኮ እንዳይሰግድ የንጉሡ ማንነት ይታወቃል። ዝም እንዳይል ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ ጣቶቹን አንበረከከ። ጋሼ ይህን ስተረጉምላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በኋላ ሻይ በተቀዳላቸው ቁጥር ጣታቸውም ኳ ኳ ይላል፣ እሳቸውም ከወንበሩ ግማሽ ይነሳሉ። አንዱን ለሌላው መተው አልቻሉም። ሻዩ ደግሞ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ የሚያበቃ አይደለም። የማንቆርቆሪያውን ክዳን ገለጥ አድርገህ ካስቀመጥከው፣ ሳትጠራ መጥተው ሙቅ ውኃ ይሞሉልሃል።

ሰፌድ ስታቀርብ ለነበረችው ሴት ጋሼ በኩራት «ሺዬ ሺዬ»፣ አመሰግናለሁ፣ አሏት። ሴትዮዋ ሳቀች። «እዚህ ቤት ‹ም ጎይ› ነው የሚባለው» አለች ባልደረባዬ፤ «ያኛው ማንደሪን ነው።» ጋሼ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ «በዘጠኝ ዓመት የያዝኳት አንዲት ቃል፣ እሷም የሌላ ሰፈር ሆና አረፈች?» አሉ።

ከዚያ ምርመራው ተጀመረ። «አሳማ ነው?» ሲዩ ማይ አሳማ ነው። ነጩ ለስላሳ ዳቦ፣ ቻር ሲዩ ባው፣ ውስጡ አሳማ ነው። የነጭ ራዲሽ ቂጣው እንኳን ቋሊማ አለበት። ሃር ጋው ተራው ደረሰ። ቆንጆ ነው፤ ሊጡ ስስ ሆኖ ውስጡ ሮዝ ይታያል፣ ጠርዙ እንደ ሀበሻ ቀሚስ ጥለት እጥፍ እጥፍ ብሏል። ውስጡ ግን ሽሪምፕ ነው። ክንፍና ቅርፊት የለውም። ጋሼ ሰፌዱን በአክብሮት ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። እኔ ድሮ በልቼዋለሁ። ዛሬ በጋሼ ፊት ወደ ባልደረባዬ ገፋሁት።

ሽማግሌው ይህን ሁሉ ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩ። ልጃቸውን አንድ ነገር ጠየቁ። «ከብት ትበላላችሁ ወይ?» ማለታቸው ነበር። አዎ አልን። ጋሪ አስቆሙና አንድ ሰፌድ አስወረዱ። ክዳኑ ሲነሳ የዝንጅብል እንፋሎት ፊታችንን መታን። ነጭ፣ ስስ፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረበ፣ ላዩ ላይ የሽንኩርት ቅጠል የተነሰነሰበት።

ጋሼ ጎንበስ ብለው አዩት። በሁለት ጣት አንዱን ቅጠል አነሱ። አሻሹት።

«ሽንፍላ!»

ሽንፍላ ነው። በእነሱ ስም «መቶ ቅጠል» ይባላል። ጋሼ ማመን አቃታቸው። አገር ቤት ለበዓል በሬ ሲጣል ሽንፍላ ማጠብ የስንት ሰው እጅ እንደሚጨርስ፣ «ሽንፍላ ታጥቦ አይጠራም» እንደሚባል፣ ከዚያ ተከትፎ ዱለት እንደሚሆን በእጃቸው እየሠሩ ለሽማግሌው አስረዱ። ቢላ አሳዩ፣ መፋቅ አሳዩ፣ ሽታውን ለማሳየት አፍንጫቸውን ያዙ። ሽማግሌውም በበኩላቸው ጨው ማሸት፣ ፈላ ውኃ መድፋት አሳዩ። አስተርጓሚ አልፈለጉም። ሁለት ሰፌድ ተጨመረ። ጋሼ ቾፕስቲኩን ትተው በእጃቸው በሉ፤ ማንም አልገረመውም።

የዶሮ እግር ላይ ግን አልተስማሙም። ጥፍሩ ይቆረጥና እግሩ መጀመሪያ ይጠበሳል፤ ውኃ ውስጥ ይነከርና ቆዳው ያብጣል፤ ከዚያ በጥቁር አኩሪ አተር ወጥ ይበስላል። ስሙ ደግሞ የአፈ ታሪኳ ወፍ ጥፍር፣ «የፊኒክስ ጥፍር» ነው። ጋሼ «ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ናት። ይሄ አሥራ ሦስተኛው ነው» ብለው እምቢ አሉ። አሜሪካኖች ራሳቸው የማይበሉትን የዶሮ እግር በኮንቴይነር ለቻይና እየሸጡ ገንዘብ እንደሚሠሩበት ስነግራቸው በጣም ነው የገረማቸው። የእኛን የት እንደምንጥለው እያሰቡ ነበር መሰለኝ።

አንድ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ፣ ሻይ ይዘው፣ ጋሼ በአማርኛ ለእኔ ብቻ እንዲህ አሉኝ።

«ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ አንድ ቀን አብሬያቸው አልበላሁም እኮ።»

«ሳይጠሩህ ቀርተው ነው ጋሼ?»

«ጠርተውኛል። አንድ ቀን ኢንጂነሩ ና ብላ አለኝ። ጾም ነው አልኩት።» ትንሽ ዝም አሉ። «ጾም አልነበረም።»

ካምፑ በቆርቆሮ የታጠረ ነበር አሉ። ጓሮው ውስጥ የራሳቸውን ጎመን ያበቅላሉ፣ የራሳቸው ወጥ ቤት ሠራተኛ አላቸው። ከአጥሩ ወዲህ ያለው ሠራተኛ ምሳ ዕቃውን ከፍቶ ድስቱ ውስጥ ምን እንዳለ ይገምታል። ውሻ ነው፣ አህያ ነው። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ተከፍቶ ብዙም ሳይቆይ በሕዝብ ቁጣ ሲዘጋ ግምቱ የተረጋገጠ መሰለ። ጋሼ አሳማውን ፈርተው ነበር፤ እሱ እውነት ነው፤ ዛሬም ፈርተዋል። ግን ያኔ የጠየቀ የለም። «ከብት ትበላላችሁ ወይ?» ያለ አልነበረም፣ ከዚያም ከዚህም። «እኔስ መች ና እንጀራ ቅመስ አልኩት?» አሉ።

እኔም ከጋሼ አልሻልም። በፈረንጆቹ 2012 የተመረቀውን የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቻይናዎች ናቸው የሠሩት። በፈረንጆቹ 2015 ሥራ የጀመረውን የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርም እነሱ ናቸው የሠሩት። አገር ቤት በሄድኩ ቁጥር ባቡሩን ተሳፍሬያለሁ። ቦሌ አካባቢ በቻይንኛ ብቻ የተጻፈባቸው ምግብ ቤቶች በር ላይ ስንቴ አልፌያለሁ። አንዱን ከፍቼ ገብቼ አላውቅም። ለመግባት ሎስ አንጀለስ ድረስ መምጣት ነበረብኝ። እዚህ ስለሠለጠንኩ አይደለም። እዚህ እሷም እንግዳ፣ እኔም እንግዳ ስለሆንን ነው። የታጠረ ካምፕ የለም፤ ያለው የእሑድ ወረፋ ብቻ ነው።

ሒሳብ መጣ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ካርድ እያንዳንዱ ሰፌድ ሲወርድ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ እየተባለ ማኅተም ሲመታበት ነበር። ጋሼ ካርዱን ከየት እንዳገኙት አላውቅም፤ ብቻ እጃቸው ላይ ነበር። ሽማግሌው ያዙት። ጋሼ አልለቀቁም። «አፈር ስሆን!» ይላሉ ጋሼ። ሽማግሌውም በካንቶንኛ አንድ ነገር ይላሉ፤ ትርጉሙ አፈር ስሆን ካልሆነ ምላሴ ይቆረጥ። መሥሪያ ቤት ከአሜሪካኖቹ ጋር ምሳ ስንበላ ሒሳቡ በስልክ እስከ ሳንቲሙ ይከፋፈላል፤ «እኔ ሰላጣ ብቻ ነው የበላሁት» የሚልም አለ። የእኛም ልጆች ጀምረውታል። እኔ እንዲህ ያለ ትግል ከሀበሻ ውጭ አይቼ አላውቅም ነበር። የጎን ጠረጴዛ ላይም ሁለት ሴቶች በአንዲት ካርድ እየተጎታተቱ ነበር።

ባልደረባዬ አልተነሳችም። ሻይዋን ትጠጣለች። ለካ ገና ስንገባ «መታጠቢያ ቤት ደርሼ ልምጣ» ያለችው የባንክ ካርዷን ለአስተናጋጁ ልትሰጥ ነበር። ይህችን ዘዴ ያገኘው ሀበሻ ይመስለኝ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ጋሼ የተረፈውን ሽንፍላ በካርቶን ጭናቸው ላይ ይዘው ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም። ዳውንታውን ስንደርስ፣

«እሑድ ፌርፋክስ እኛ እንጠራቸዋለን» አሉ።

«እሺ ጋሼ።»

«ዱለት እንዲሠሩ ቀደም ብለህ ንገራቸው። ለብለብ ይሁን፤ ጥሬውን ለሌላ ጊዜ።»

«እሺ።»

«ደግሞ ካርድህን ስንገባ ስጥ። ልጅቷ መታጠቢያ ቤት እንዳትሄድ።»