ኢ-ቡክ፦ ላንብበው ወይስ ይቅርብኝ?

የመከራከሪያ ሐሳቡ አጭር ነው፦ «አንባቢ ሰው ከወረቀት ወደ ኢ-ቡክ ቢሻገር ይጠቀማል»። ኢ-ቡክ ማለት በስክሪን ላይ የሚነበብ ዲጂታል መጽሐፍ ነው። አንዱ ይደግፋል፣ አንዷ ትቃወማለች። በየተራ ጽፈዋል።

ደጋፊ፦ ከክብደቱ ልጀምር። ኢ-ሪደር የሚባለው ለኢ-ቡክ ማንበቢያ የተሠራ መሣሪያ 200 ግራም ገደማ ነው። ከወፍራም ልብ ወለድ ይቀላል፤ ሺህ መጽሐፍ ግን ይይዛል። ይሄ የታወቀ ስለሆነ አልቆይበትም።

ለኔ ትልቁ ነገር ፊደሉ ነው። ዓይኑ የደከመ ሰው ወረቀት ላይ ያለውን ፊደል ምንም ሊያደርገው አይችልም። ኢ-ቡክ ላይ ግን ያሳድገዋል፣ የመስመሮቹን ክፍተት ያሰፋዋል። ካልሆነለትም ብዙዎቹ መተግበሪያዎች ጮክ ብለው ያነቡለታል። የማያውቀው ቃል ሲያጋጥመው ጣቱን ጫን ያደርጋል፤ መዝገበ ቃላት ካለው ፍቺው እዚያው ብቅ ይላል።

ዋጋም አለ። ፕሮጀክት ጉተንበርግ የሚባለው የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት የተጀመረው በ1971 እ.ኤ.አ. ማይክል ሃርት የአሜሪካን የነጻነት አዋጅ ኮምፒውተር ላይ ጽፎ ባስገባ ጊዜ ነው። ዛሬ ከ70,000 በላይ መጻሕፍት በነጻ ይገኙበታል። ስርቆት አይደለም፤ አብዛኞቹ የቅጂ መብታቸው ጊዜው ያለፈ ነው።

ተቃዋሚ፦ ወንድሜ፣ በነጻው አልከራከርህም። በገንዘብህ ስለገዛኸው እናውራ። «ግዛ» የሚለውን ስትነካ በአብዛኛው የምታገኘው መጽሐፉን ሳይሆን የማንበብ ፈቃድ ነው። ፈቃድ ደግሞ ይነሳል።

በ2009 እ.ኤ.አ. አማዞን የጆርጅ ኦርዌልን ሁለት መጻሕፍት ኪንድል ከሚባለው ኢ-ሪደሩ፣ ከገዢዎቹ እጅ ላይ፣ ከርቀት ሰረዛቸው። አንደኛው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «1984»! መንግሥት ያልወደደውን ጽሑፍ እያጠፋ የሚኖርበት ልብ ወለድ። መጻሕፍቱን ሱቁ ውስጥ ያስገባው አካል የመሸጥ መብት አልነበረውም፤ ገንዘቡም ተመልሷል፤ የአማዞን መሥራች ጄፍ ቤዞስም ይቅርታ ጠይቋል። እሺ። ግን ለትምህርቱ እያነበበ ማስታወሻ ሲይዝ የነበረ አንድ ተማሪ ጽሑፉ ጠፍቶ ማስታወሻው ብቻ ቀረለት። «ይህ ሐሳብ ድንቅ ነው» ብሎ ጽፏል እንበል፤ የትኛው ሐሳብ? ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ።

ማይክሮሶፍትም በ2019 እ.ኤ.አ. የኢ-ቡክ ሱቁን ሲዘጋ የተገዙት መጻሕፍት አንከፈትም አሉ። ለሰዉ ብሩን መለሰ። መጽሐፍ ቤት ሲዘጋ ግን መደርደሪያዬ ላይ ያለውን ሊወስድብኝ ይመጣል እንዴ?

ደጋፊ፦ እህቴ፣ ይሄ ነጥብሽ ከባድ ነው፤ አልሸሸውም። ጥፋቱ ግን የመቆለፊያው ነው። ዲአርኤም የሚባለው ቁልፍ የሌለበት መጽሐፍ የሚሸጡ አሳታሚዎች አሉ። ያንን ፋይል ኮምፒውተርሽና ፍላሽሽ ላይ ገልብጠሽ ታስቀምጫለሽ፤ ማንም ከርቀት አይደርስበትም። ጀማሪ ከመክፈሉ በፊት «ፋይሉን አውርጄ ማስቀመጥ እችላለሁ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ።

ደግሞስ ወረቀት መቼ ዘላለማዊ ሆነ? ከተዋሱሽ ሰዎች ስንቱ መለሰልሽ?

ተቃዋሚ፦ የቀሩት ቢያንስ ሰው እጅ ላይ ናቸው፣ ይነበባሉ! የአንተን የተቆለፈ ኢ-ቡክ ማን ይዋሰዋል?

ወደ ዋናው ልግባ። በ2018 እ.ኤ.አ. 54 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ወጥቷል፤ ከ170,000 በላይ ተሳታፊዎች ነበሩበት። ከወረቀት ያነበቡት የተሻለ ተረድተዋል፤ በተለይ ሰዓት ሲገደብባቸው። ስክሪን ላይ ዓይን ይሮጣል። አነበብኩ ትላለህ፣ «ምን ይላል?» ሲሉህ ጭልጥ ብሎ ይጠፋሃል።

ወረቀት ላይ ያየሁትን «ከግራው ገጽ ታች፣ መሀሉ አካባቢ» ብዬ አገኘዋለሁ። ኢ-ሪደሩ ግን «43 በመቶ» ይለኛል። 43 በመቶ የት ሰፈር ነው?

ደጋፊ፦ ጥናቱን ግማሽ ላይ አቆምሽው። ልዩነቱ የታየው መረጃ የሚሰጥ ጽሑፍ ባለበት ነው። ልብ ወለድ ብቻ ሲነበብ ወረቀት ብልጫ አላሳየም። ስለዚህ ለፈተና የምትዘጋጂበትን በወረቀት፣ ልብ ወለዱን በኢ-ቡክ አድርጊው። ማን ከለከለ?

ስልክንና ኢ-ሪደርንም አንድ ላይ አትጨፍልቂያቸው። የኢ-ሪደር ስክሪን ኢ-ኢንክ ይባላል። ውስጡ ጥቃቅን እንክብሎች አሉ፤ በየእንክብሉ ጥቁርና ነጭ ቅንጣት። ኤሌክትሪክ ሲነካቸው አንዱ ቀለም ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ይወርዳል። ገጹ አንዴ ከተጻፈ በኋላ ባለበት ለመቆየት ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ባትሪው ሳምንታት የሚቆየው ለዚህ ነው። ፀሐይ ላይም እንደ ወረቀት ይነበባል።

ጀማሪ ግን ኢ-ሪደር ለመግዛት አይሩጥ። በያዘው ስልክ አንድ አጭር መጽሐፍ ይሞክር። ኤርፕሌን ሞድ ያድርገው፤ አለዚያ ምዕራፍ ሁለት ሳይደርስ መልእክት ይጠልፈዋል። ፊደሉንም ከለመደው ትንሽ ከፍ ያድርግ።

ከሁሉ በላይ የፋይሉን ዓይነት ይወቅ። ብዙ ሰው «ኢ-ቡክ አይመቸኝም» የሚለው ፒዲኤፍ አንብቦ ነው። የፒዲኤፍ ገጽ ቅርጹ አይለወጥም፤ ትልቅ ገጽ ስልክ ላይ ሲከፈት እያሳደጉ፣ ግራና ቀኝ እየጎተቱ ነው የሚነበበው። ኢፐብ የሚባለው የኢ-ቡክ ፋይል ዓይነት ግን አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉን በስክሪኑ ልክ ራሱ ይደረድረዋል። ፊደሉን ብታሳድጊውም መስመሩ አይቆረጥም።

ተቃዋሚ፦ ምክርህ ደህና ነው፤ የማታውን ግን ዘለልከው። ከመኝታ በፊት ብርሃን በሚረጭ ታብሌት ያነበቡ ሰዎች እንቅልፍ የሚጠራው ሜላቶኒን ቀንሶባቸው ለመተኛት እንደዘገዩ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አሳይቷል። ተሳታፊዎቹ ጥቂት ናቸው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ማታ ማታ ስልክ ይቅር። የግድ ከሆነ መብራቱ ይቀነስ። ቀንም ቢሆን የዓይን ሐኪሞች የሚመክሩት አለ፦ በየ20 ደቂቃው ቀና ብሎ 6 ሜትር ያህል ርቆ ያለ ነገር ለ20 ሰከንድ ማየት። ስክሪን ላይ ስናፈጥ እንደ ወትሮው ዓይናችንን አናርገበግብም።

ለጀማሪ እኔም አንድ ልጨምር። ብዙ የኢ-ቡክ ሱቆች የመጽሐፉን መጀመሪያ በነጻ ያስነብባሉ። እሱን ይጠቀምበት። እኔ ራሴ እዚያ አንብቤ ከጣመኝ ወረቀቱን እገዛለሁ።

ደጋፊ፦ ታዲያ ተጠቃሚ ነሻ!

ተቃዋሚ፦ የናሙናው ብቻ። የከፈልኩበትን ማንም አይሰርዝብኝም።