የጋላክሲ ፎቶ ይገለበጣል፤ በሽተኛስ?

የክርክሩ ጥያቄ፦ ሙያው የሌለው ሰው የሚሰጠው መልስ እንደ ሳይንስ መረጃ ይያዝ? ፊዚክስ ተራውን ሰው ማሳተፍ ከጀመረ ቆይቷል። ሆስፒታሎችም በሽተኛውን «በአገልግሎታችን ረክተዋል?» እያሉ ነጥብ ያሰጣሉ፤ የአንጎል ዕጢ የወጣለትንም ጭምር። «ይያዝ» ባዩ የድሬዳዋ የፊዚክስ መምህር ነው። «ቀስ በሉ» ባይዋ ሐረር የምትሠራ ነርስ ናት። ሁለቱም የምሥራቅ ልጆች ስለሆኑ አንቱታ የለም።

መምህሩ፦ ከድሮው ልጀምር። በፈረንጆቹ 1715 እንግሊዝ አገር ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ሊሆን ሲል የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኤድመንድ ሃሌይ ካርታ አሳትሞ ሕዝቡን ለመነ። ሰዓት ያላችሁ ሁሉ፣ ጨለማው ምን ያህል እንደቆየ ጻፉልኝ አለ። ከየቦታው በመጣለት መልስ የጥላውን መንገድ አስተካከለ።

በፈረንጆቹ 2007 ጋላክሲ ዙ የሚባል ፕሮጀክት መጣ። ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ የጋላክሲ፣ ማለትም የግዙፍ የከዋክብት ስብስብ፣ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ተለቀቀ። ጥያቄው ቀላል ነው፤ ይሄ ጥምዝ ነው ወይስ ድቡልቡል? በአንድ ዓመት ከ150,000 የሚበልጥ ሰው ከ50 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰጠ። ሃኒ ቫን አርከል የምትባል የሆላንድ አስተማሪ፣ ማንም ልብ ያላለውን የሚያበራ የጋዝ ደመና ያየችው እዚያ ነው።

ወደ እኛም ልምጣ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የድሬዳዋው ወንዝ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ዶፉ የወረደው ደጋውም ላይ ነበር። ከላይ ደጋው ላይ፣ ደንገጎ ያለ ተማሪ ዝናቡን በጣሳ ለክቶ ቢደውልልን፣ እሱም ፊዚክስ ነው።

ነርሷ፦ በዝናቡ አልከራከርህም መምህር። ጣሳ ይሉኝታ የለውም። ጋላክሲም እንደዛው። ሰው ግን አለው።

አንድ ሆስፒታል ያየሁትን ልንገርህ። ዕጢ የወጣለት ሰው ሊወጣ ተዘጋጅቶ፣ ጭንቅላቱ በሻሽ ተጠቅልሎ ኮሪደር ላይ ተቀምጧል። ቅጹን የያዘው ወንድሙ ነው። ያከመው ሐኪም አጠገባቸው ቆሟል። ወንድምየው ጥያቄዎቹን ሳያነብ ከላይ እስከ ታች «በጣም ጥሩ» ላይ ራይት፣ ራይት፣ ራይት። ምን ያድርግ? ለክትትል የሚመለሰው እዚያው ነው። ያ ወረቀት በኋላ ሪፖርት ላይ መቶኛ ሆኖ ይወጣል።

ደግሞ የአንጎል ዕጢ እንደ ሌላው በሽታ አይደለም። የፊተኛውን የአንጎል ክፍል ከነካ፣ ሰውየው የራሱን ችግር ላያይ ይችላል። ሚስቱ «ጠባዩ ተቀይሯል» ትላለች፤ እሱ «ደህና ነኝ» ይላል። እብጠቱን ለመቀነስ ዴክሳሜታሶን ይሰጠዋል። መድኃኒቱ እንቅልፍ ይነሳል፣ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ አንዳንዱን ሰው ደግሞ ደስ ደስ ያሰኘዋል። ታዲያ ያረካው ሐኪሙ ነው ክኒኑ?

በፈረንጆቹ 2012 አሜሪካ ከ50,000 በላይ ሰው ላይ የተሠራ ጥናትም ወጥቶ ነበር። በሐኪማቸው በጣም የረኩት ሰዎች የበለጠ ወጪ የወጣባቸው፣ የመሞት ዕድላቸውም ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ።

መምህሩ፦ አቦ ሲስተር! ያ ጥናት ስለ አንጎል ዕጢ አይደለም። እርካታ ይገድላል ማለትም አይደለም፤ ሁለቱ አብረው ታዩ ነው። ይሄን ተማሪዎቼ ፈተና ላይ ቢስቱት ማርክ እቀንስባቸዋለሁ።

ሰው ይሳሳታል ላልሽው፣ ጋላክሲ ዙም ተሳስቷል። ጥምዞቹ ጋላክሲዎች በሰዓት ዙር ተቃራኒ ይዞራሉ የሚለው መልስ በዛ። ዩኒቨርስ ለአንድ ወገን ያደላል ሊባል ምንም አልቀረው። ተመራማሪዎቹ ፎቶዎቹን እንደ መስታወት ገልብጠው እንደገና አሳዩ። ቢገለበጡም ያው ወገን በዛ። ያደላው የተመልካቹ ዓይን ነበር ማለት ነው። ታዲያ ሕዝቡን አላባረሩም። ስህተቱን ለክተው አስተካከሉ።

ነርሷ፦ እሺ፣ በሽተኛን እንዴት ነው የምትገለብጠው? አንዱን ጋላክሲ በደርዘን የሚቆጠር ሰው ያየዋል። የአንድን ሰው ራስ ምታት የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

መምህሩ፦ እኮ! ለዚህ ነዋ መጠየቅ ያለበት። ዕጢው መውጣቱን ኤምአርአይ ያሳያል። ሰውየው ሆጃ ሲጠጣ ስኒው ከእጁ እንደሚያመልጥ፣ የልጁ ስም አልመጣለት እንደሚል ግን አያሳይም። መገልበጥ ካልሽ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጠይቂው። ከ3 ወር በኋላ ድገሚው። ሚስቱን ለብቻዋ ጠይቂ። ጠያቂው ደግሞ ያከመው ሰው አይሁን።

ነርሷ፦ አሁን የምታወራው ሌላ ነገር ነው። «ስኒ ያመልጥሃል?» የሚለውን እኔም እጠይቃለሁ። የማልቀበለው «ረክተዋል?» የምትለዋን ነው። ሁለት ሰው ልስጥህ። አንዱ ሜኒንጂዮማ ነበረበት፤ ይሄ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ነው። ሙሉ በሙሉ ወጣለት። ግን ማንም ምንም ስላላስረዳው ተናዶ ሄደ። ሌላው ግሊዮብላስቶማ የሚባለው ክፉ የአንጎል ካንሰር ያለበት ነው። በቀዶ ሕክምና፣ በጨረርና በመድኃኒት እንኳ ግማሹ ታካሚ ከ15 ወር ገደማ አያልፍም። እሱ ከአስር አስር ሰጠ፤ ሐኪሙ ቁጭ ብሎ እውነቱን ስለነገረው። ሁለቱም አልዋሹም። ግን ነጥቡን ብቻ ብታይ የቱ በሽተኛ በደንብ ታከመ ትላለህ?

መምህሩ፦ ቁጭ ብሎ እውነቱን መንገር ሕክምና አይደለም እንዴ? ጊዜው ላጠረበት ሰው ከዚህ የሚበልጥ ምን ልትሰጪው ነው? የመጀመሪያውም ቢሆን የተናደደው በትክክል ነው። «ረክተዋል?» ባትባል ኖሮ ያ ንዴት የት ይመዘገብ ነበር? ጥያቄዋ ትቆይ።

ነርሷ፦ ትቆይ ካልክ መጨረሻ ላይ ትሁን። ሐኪሙ ከክፍሉ ይውጣ። እሷም ከመቶኛው ሪፖርት ትውጣ።

መምህሩ፦ ሁለቱን ተቀብያለሁ። ሦስተኛውን አልቀበልም። ሪፖርት ላይ ካልገባች ማን ያነባታል?