ጥፋቱን ያመነ ሰው ቅጣቱን ሁሉ አሜን ይበል?

«ራሱ አምኖ የለም እንዴ? ታዲያ ምን ይግባኝ ይላል?» ክሱን ያመነ ሰው «ቅጣቱ በዛብኝ» ሲል ይህ አስተያየት አይቀርለትም። እኔ ግን አልስማማም። ሰውየው ያመነው ድርጊቱን ነው። የቅጣቱን መጠን የወሰነው ዳኛው ነው፤ ዳኛ ደግሞ ይሳሳታል።

ሕጉም ሁለቱን ይለያቸዋል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ በአንቀጽ 185፣ አምኖ የተፈረደበት ሰው በጥፋተኝነቱ ላይ ይግባኝ እንዳይል ይከለክላል። በቅጣቱ መጠንና ሕጋዊነት ላይ ግን ይፈቅድለታል።

ነገሩን የሚያከብደው ለማመን የሚሰጠው ማቅለያ ነው። በእንግሊዝ ገና በመጀመሪያው አጋጣሚ ያመነ ተከሳሽ ቅጣቱ እስከ አንድ ሦስተኛ ሊቀነስለት ይችላል። ፍርድ ቤቱ ጊዜ ይተርፈዋል፤ ምስክርም ከመንገላታት ይድናል። ተከሳሹም በበኩሉ የመከራከር ዕድሉን አሳልፎ ሰጥቷል። ዳኛው ያን ቅናሽ ቢዘነጋ ወይም ለይስሙላ ብቻ ቢቀንስለት፣ ይግባኝ ከሌለ ማን ያርመዋል? ሌላውም ተከሳሽ ይህን አይቶ «ማመን ምን ሊጠቅመኝ?» ቢል አይፈረድበትም።

በእርግጥ ቅጣት የመረረው ሁሉ ይግባኝ ያዋጣዋል ማለት አይደለም። «ዳኛው ጨከነብኝ» የሚል አቤቱታ ብቻውን ሩቅ አይሄድም። የሚያስኬደው ስህተቱን ነቅሶ ማሳየት ነው፦ የቀረበ ማቅለያ ታልፏል፣ ወይም የወንጀሉ መሠረታዊ ፍሬ ነገር የሆነው ጉዳይ ዳግመኛ ማክበጃ ተደርጎ ተቆጥሯል። የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ችሎት ጣልቃ ለመግባት ቅጣቱ በግልጽ የበዛ መሆኑን ይመዝናል። «እኔ ብሆን ትንሽ እቀንስ ነበር» የሚለው አይበቃውም።

ሰውን የሚያስፈራው ግን ሌላ ነው፤ ቅጣቱ ቢጨመርስ? እዚህ ላይ አገሮች ይለያያሉ። በእንግሊዝ ይኸው ችሎት በፍርደኛው ይግባኝ ቅጣቱን አያከብድም፤ ተስፋ ለሌለው ይግባኝ ግን በእስር የጠበቀበት ጊዜ እንዳይታሰብለት ሊያዝ ይችላል። በአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ከታችኛው ፍርድ ቤት የመጣውን ይግባኝ የሚሰማው ዳኛ ቅጣቱን ሊጨምር ይችላል። ይህን ካሰበ ግን አስቀድሞ ያስጠነቅቃል፤ ይግባኝ ባዩም ይግባኙን ለመተው መጠየቅ ይችላል።

እኔ የእንግሊዙን አካሄድ እመርጣለሁ። ዓቃቤ ሕግ ቅጣቱ አነሰ ካለ የራሱን ይግባኝ ይጠይቅ። ይህ ካልተቻለ ግን ቢያንስ ማስጠንቀቂያው በሕግ ይጻፍ።