ከተማችንም ደጅ ትጠናለች

ኒው ሃምፕሻየር ጎዳናና ዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድ የሚገናኙበትን መስቀለኛ መንገድ በእግሩ የተሻገረ የከተማችን የታኮማ ፓርክ ነዋሪ የምለውን ያውቀዋል። ልጃቸውን በጋሪ የሚገፉ እናቶች፣ አስቤዛ ያንጠለጠሉ አዛውንት፣ አውቶቡስ እንዳያመልጣቸው የሚሮጡ የማታ ሠራተኞች እዚያ በመኪና ጎርፍ መካከል ያልፋሉ። ከንቲባዋንና ስድስቱን የምክር ቤት አባላት በቅርብ እናገኛቸዋለንና መጀመሪያ አቤት የምንለው ወደ እነርሱ ነው። መንገዶቹ ግን የሜሪላንድ ስቴት ናቸው። ከተማዋ ያለ ስቴቱ ፈቃድ የፍጥነት ወሰናቸውን ዝቅ ማድረግ እንኳ አትችልም።

ምክር ቤቱ በየዓመቱ ስቴቱን የሚጠይቃቸውን የሕግና የበጀት ጉዳዮች በቅደም ተከተል የሚያጸድቀው ለዚህ ነው። የስቴቱ ሕግ አውጪ በስቴቱ ዋና ከተማ በአናፖሊስ የሚሰበሰበው ከጥር (ጃንዋሪ) ወር ሁለተኛ ረቡዕ ጀምሮ ለ90 ቀናት ብቻ ነው። በዚያ አጭር ጊዜ 188 ሕግ አውጪዎች ከ2 ሺህ በላይ ረቂቆች ይቀርቡላቸዋል። 17 ሺህ ያህል ሕዝብ ያላት ከተማ በዚህ ግርግር ውስጥ እንድትሰማ ከፈለገች፣ ደጅ ከመጥናቷ በፊት የምትለውን ለይታ ማወቅ አለባት።

ብዙ ኢትዮጵያውያን ወገኖቼ ይህን የጥያቄዎች ዝርዝር የባለሥልጣናት የቢሮ ወረቀት አድርገው ያዩታል። እኔ ግን ከሌላው ነዋሪ ይልቅ ለእኛ ይጠቅማል ባይ ነኝ። ግሪን ካርድ ይዞ ዜግነቱን የሚጠባበቅ ሰው ወደ አናፖሊስ የሚሄዱትን ሴናተርና ተወካዮች መምረጥ አይችልም። የታኮማ ፓርክን ምክር ቤት ግን ይመርጣል። ነዋሪው በ1991 በፈረንጆች አቆጣጠር በሰጠው ድምፅ መነሻነት፣ ዜግነት የሌለው ነዋሪም ከ1992 ጀምሮ በከተማዋ ምርጫ የመሳተፍ መብት አለው። በ2013 ደግሞ የመምረጫ ዕድሜ ወደ 16 ዓመት ዝቅ ብሏል። እንግዲህ በስቴቱ ምርጫ ድምፅ የሌለው ኢትዮጵያዊ በመረጠው ምክር ቤት በኩል ጉዳዩን አናፖሊስ ድረስ ማድረስ ይችላል ማለት ነው። (እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ ይህ መብት ለከተማዋ ምርጫ ብቻ ነው። ዜጋ ሳይሆኑ በስቴት ወይም በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠት ወንጀል ነው፣ የመኖሪያ ፈቃድንም ያሳጣል። የሚሰጣችሁ የከተማዋ የምርጫ ወረቀት ብቻ መሆኑን አረጋግጡ።)

ከመንገዱ ቀጥሎ፣ እንዲያውም ከመንገዱ በፊት፣ በዝርዝሩ አናት ላይ ማየት የምፈልገው የተከራይን ዋስትና ነው። ታኮማ ፓርክ የቤት ኪራይ ጭማሪን በሕግ በመገደብ የቆየ ስም አላት። ነገር ግን የጭማሪ ጣሪያ መኖሩ ብቻውን ቤት አያስቀምጥም። ውል ሲያልቅ አከራዩ ምክንያት ሳይሰጥ «አላድስልህም» ማለት ከቻለ፣ ተከራዩ ጣሪያው ሲያፈስ ወይም በክረምት ማሞቂያው ሲቆም አቤት ከማለት ዝምታን ይመርጣል። ልጆቹን ከትምህርት ቤታቸው ነቅሎ የት ይወስዳቸዋል? ካውንቲዎች (በስቴቱ ሥር ያሉ የአካባቢ አስተዳደሮች) «ያለ በቂ ምክንያት ውል አይቋረጥ» የሚል ሕግ እንዲያወጡ የሚፈቅድ ረቂቅ በ2024 በስቴቱ የተወካዮች ምክር ቤት አልፎ ነበር፤ ሴኔቱ ግን ሳያጸድቀው የስብሰባው ዘመን አለቀ። እዚያ ድረስ የተጓዘን ጉዳይ እንደ አዲስ በዝርዝሩ መጨረሻ መወሸቅ ተገቢ አይደለም።

እንዲህ ያለ ዝርዝር የመርዘም ጠባይ አለው። እያንዳንዱ ወገን የራሱን ጉዳይ ያስገባል፣ ማንም እንዳይቀየም ሁሉም ይጻፋል፣ በመጨረሻ ሕግ አውጪው የትኛውን ማንሳት እንዳለበት ይቸገራል። እኔ ብጠየቅ ሦስት ጉዳይ በቂ ነው እላለሁ። ከተማዋ በአንድ ነገር ላይ መጽናትን ከራሷ ታሪክ ታውቀዋለች። እስከ 1997 ድረስ በሞንጎምሪና በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲዎች መካከል ለሁለት ተከፍላ ነበር። በ1995 ነዋሪዎቿ በሕዝበ ውሳኔ አንድ ካውንቲ ውስጥ እንጠቃለል አሉ፤ ሐምሌ 1997 ላይ ሙሉ በሙሉ ወደ ሞንጎምሪ ገባች።

አናፖሊስ ሄዶ ለኮሚቴ ምስክርነት ለመስጠትም ቢሆን ዜግነት አይጠየቅም። መጀመሪያ ግን ዝርዝሩ ከመጽደቁ በፊት ምክር ቤቱ ፊት መቅረብ አለብን፤ ከጸደቀ በኋላ የሚመጣ አቤቱታ የሚጠብቀው ሌላ ዓመት ነው። ስለ መንገዱ እኔ እናገራለሁ። ስለ ኪራይ ውል ግን የደረሰበት ሰው ቢናገር ይሻላል። ውሉ ያለ ምክንያት ሳይታደስ የቀረበት፣ ወይም ያንን ፈርቶ ብልሽቱን ሳይናገር የከረመ ጎረቤቴ፣ አብረኸኝ ና።