ጨፌውን ከማስጎብኘታችን በፊት አስጎብኚ ይኑረን

ከአዲስ አበባ ወጣ ብለው በሱሉልታ ሜዳ፣ በገፈርሳ ግድብ ዳርቻና በሆለታ አካባቢ ወፍ የሚመለከቱ ሰዎች እየበዙ መምጣታቸው እኔን ከልብ ያስደስተኛል። የምኖረው ሱሉልታ መንገድ ዳር በመሆኑ ቅዳሜና እሁድ ካሜራና ባይኖኩላር ይዘው ከመኪና የሚወርዱትን በቅርብ አያለሁ። ከኢትዮጵያ ደጋማ ምድር በቀር በዓለም የትም የማይገኘውን ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ለማየት ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ገፈርሳ የሚደርስ የከተማ ሰው መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። የሚያሳስበኝ ግን ጎብኚው የሚመራውና የሚያስቆመው ሰው ሳይኖር፣ የተለየ መሄጃም ሳይበጅለት፣ ቀጥ ብሎ ጨፌው ውስጥ መግባቱ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዌልስ፣ በፔምብሮክሺር ጠረፍ አጠገብ የምትገኘውን ስኮመር ደሴት ከአስጎብኚ ጋር የማየት ዕድል ገጥሞኝ ነበር። ደሴቷ የባሕር ወፎች መጠበቂያ ስትሆን፣ በቀን እንዲወርድባት የሚፈቀድለት ጎብኚ ከ250 አይበልጥም። ከጀልባ እንደወረድን የተነገረን የመጀመሪያው ነገር ከተሰመረው የእግር መንገድ አንዲት እርምጃ እንኳ እንዳንወጣ ነበር። ምክንያቱም ፓፊን የተባሉት ወፎች እንቁላላቸውን የሚጥሉት መሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ስለሆነ፣ ሣር ለብሶ ጠንካራ የሚመስለው አፈር ሰው ሲረግጠው ጫጩቱ ላይ ይደረመሳል። በዚያች ደሴት ከ300 ሺህ ጥንድ በላይ የሚሆኑ ማንክስ ሺርዋተር የተባሉ ወፎችም ይራባሉ፤ እነዚህ ግን የሚያድኗቸውን ትልልቅ የባሕር ወፎች ስለሚፈሩ ወደ ጎጇቸው የሚመለሱት በጨለማ ብቻ ነው። ስለዚህ የቀን ጎብኚ እነሱን ሳያይ ይመለሳል። አስጎብኚው የማናየውን ወፍ አኗኗር እየተረከልን በመንገዳችን እንድንጸና ሲያደርግ፣ የሙያው ክብር ምን ላይ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

የእኛም ጨፌ እንዲህ ያለ በዓይን የማይገኝ ነዋሪ አለው። ነጭ ክንፍ ፍላፍቴይል የምትባለው ወፍ በመጠን ከድንቢጥ እምብዛም አትበልጥም፤ ውሃ ባቆረ ረጅም ሣር ውስጥ ተሸሽጋ ትኖራለች፤ የምትራባውም ዝናቡ በሚበረታበት በሐምሌና በነሐሴ ነው። በዓለም ደረጃ በእጅጉ ለመጥፋት ከተቃረቡት ወፎች አንዷ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በሆለታ አቅጣጫ የሚገኘው የበርጋ ረግረግ ከታወቁት ጥቂት መራቢያዎቿ ዋነኛው ነው። ቀድሞ በሱሉልታም ትታወቅ ነበር፤ በራችን ላይ የነበረች ፍጥረት መሆኗን ሳስብ ይቆጨኛል። በደቡብ አፍሪካም እንደምትራባ በ2018 እ.ኤ.አ. የተረጋገጠው ተመራማሪዎች ረግረጉ ውስጥ ተክለውት በሄዱት፣ ራሱን ችሎ በሚያነሳ ካሜራ ነበር። ሳይንሱ ራሱ እግሩን ከሰበሰበ፣ ለፎቶግራፍ ብሎ ሣሩን እየገላለጠ የሚገባ ጎብኚ ምን ምክንያት ሊያቀርብ ይችላል? በስልክ የተቀዳ የወፍ ድምፅ ደጋግሞ እያሰማ ወፏን ከመደበቂያዋ ለማውጣት መሞከርም፣ በመራቢያዋ ወቅት ከእንቁላሏ የሚያናጥባት በመሆኑ ያው ጥፋት ነው።

ጨፌውን የሚያጠፋው ጎብኚ ሳይሆን ውሃውን የሚያደርቀው ቦይ፣ የሚስፋፋው ግንባታና ከልክ ያለፈው ግጦሽ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ትልቁ አደጋ እሱ ነው። ይሁን እንጂ ቦዩ ሲቆፈር ቀድሞ አይቶ የሚጮኸው ሰው ማን እንደሆነ መጠየቅ አለብን። በርጋ ላይ የአካባቢው ሰዎች ለወፏ ተቆርቋሪ የሆነ ማኅበር አቋቁመዋል፤ ከጥበቃው ሥራ ጋር ተያይዞም ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ተሠርቶላቸዋል። ከጨፌው ጥቅም ያገኘ ሰው ለጨፌው ይከራከራል። አሁን ባለው አካሄድ ግን ጎብኚው ከከተማ ከቀጠረው መኪናና መሪ ጋር መጥቶ ሲመለስ፣ ከብቱን በዚያው ሣር የሚያበላው ገበሬ የሚቀርለት የተረገጠ መሬት ብቻ ነው።

ስለዚህ የሱሉልታና የሆለታ አካባቢ አስተዳደሮች ከኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ጋር ተመካክረው፣ ከየቀበሌው የተመረጡ ወጣቶችን በአስጎብኚነት አሠልጥነው ፈቃድ ሊሰጧቸው ይገባል። የሚከፈለው ዋጋ ታውቆ ድርሻው ለሣሩ ባለቤቶች በግልጽ ይድረስ፤ ከጨፌው ጠርዝ ከፍ ያለ ማያ ስፍራ ይሠራ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ማንም አይለፍ። በሐምሌና በነሐሴ መራቢያው ለጎብኚ ፈጽሞ ይዘጋ፤ አስጎብኚውም የከፈለውን እንግዳ ሳይቀር የመመለስ ሥልጣን በጽሑፍ ይሰጠው። የመጪው ክረምት ዝናብ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ በርጋ ላይ ይህ መደረግ ይችላል።