ስምንት ሻንጣ አላችሁ አይደል?

የአሜሪካ ቪዛው ወሬ ቤት ሳይደርስ ዘመድ ሒሳቡን ጨርሶ ይጠብቃል። ባልና ሚስት፣ ሁለት ሕፃናት፣ አራት ትኬት። በትኬት ሁለት ሻንጣ፣ በሻንጣ 23 ኪሎ፣ ድምሩ 184 ኪሎ! "እናንተማ ምን ትይዛላችሁ፣ ልጆች ናቸው። ስምንት ሻንጣ አላችሁ አይደል? ይቺን ብቻ ጣል አድርጉልኝ።" ይቺ ብቻ የተባለችው ስትመጣ አምስት ኪሎ በርበሬ፣ ሁለት ኪሎ ሽሮ፣ "ከቡና ጋር ትቅመሰው" የተባለ ዳቦ ቆሎ፣ በፕላስቲክ ጣሳ የተጠቀጠቀ ቅቤ እና በጋዜጣ የተጠቀለለ ጀበና ሆና ነው። ጀበና! ሸክላ! በሻንጣ!

ወገን፣ የልጆች ሻንጣ ትርፍ ቦታ አይደለም። ይሄ የማይገባችሁ ለምንድነው?

መጀመሪያ ሒሳቡ ራሱ ውሸት ነው። ባዶ ሻንጣ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል፤ ስለዚህ ከ23ቱ ለዕቃ የሚተርፈው 18፣ ቢበዛ 20 ነው። ከትናንሾቹ አንዱ 2 ዓመት ያልሞላውና በእቅፍ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ የሱ ትኬት የአዋቂ ትኬት አይደለም፣ ሻንጣውም እንደዚያው፤ ትኬቱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው እንጂ በደፈናው ማባዛት አይሆንም። ስምንቱም ሻንጣ ተፈቀደ እንበል። ማን ይገፋዋል? አንድ ጋሪ ሦስት ትልልቅ ሻንጣ ከያዘ ጎበዝ ነው፤ ስምንት ሻንጣ ሦስት ጋሪ ይፈልጋል። ሁለት አዋቂ አለ፣ ከሁለቱ አንዱ የተኛ ልጅ ታቅፏል፣ ሌላው የሚሮጥ ልጅ ይዟል። ሦስተኛውን ጋሪ ማን ሊገፋ ነው፣ የአራት ዓመቷ ልጅ?

ይሄ የሚሆነው እንግዲህ ሌሊቱን ሙሉ ተበርሮ፣ የዋሽንግተኑ ዱለስ አየር ማረፊያ ተደርሶ፣ በመጀመሪያ መግቢያ ላይ ለመኖር የሚሰጠውን (የኢሚግራንት) ቪዛ የያዘ ቤተሰብ ለብቻ ተጠርቶ ፋይሉ እስኪታይ ወንበር ላይ ከጠበቀ በኋላ ነው። ከዚያ ሻንጣ ከቀበቶው ላይ ማውረድ፣ ከዚያ ጉምሩክ። ጉዞው ወደ ዳላስ ወይም ሲያትል የሚቀጥል ከሆነማ ሻንጣው በሙሉ እዚያው መጀመሪያ ባረፉበት ከተማ ተለቅሞ፣ በጉምሩክ አልፎ፣ እንደገና ተመዝግቦ ይጫናል። "በቀጥታ ይደርሳል" የሚል ካለ ሄዶ የማያውቅ ነው።

አሁን የመጨረሻዋን ሌሊት አስቡት። ሻንጣው የእጅ ሚዛን ላይ ተንጠልጥሎ 26 ኪሎ ተኩል ይላል። ሦስት ተኩል ኪሎ መውጣት አለበት። ምን ይወጣል? በርበሬው አይወጣም፣ አደራ ነዋ! የእትዬ እንትና ሽሮ አይወጣም፣ ቅያሜ አለው። የሚወጣው የልጁ ብርድ ልብስ ነው፣ ያለሱ የማይተኛበት። ጫማው ይወጣል፣ ሁለቱ የአማርኛ ተረት መጻሕፍት ይወጣሉ፣ የዕንጨት መኪናው ይወጣል። "እዚያ ይገዛለታል" ይባላል። አዎ፣ መኪናና ጫማ ይገዛል። የለመደ ጠረን ያለው ብርድ ልብስ ግን የትኛው መደርደሪያ ላይ ነው የሚሸጠው? በርበሬ ግን ይሸጣል! ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም ከነሚጥሚጣው፣ ከነኮረሪማው፣ ከነበሶብላው ሞልቷል።

"የሻንጣው ከሞላ በእጅ ያዙት" የምትሉ ደግሞ አላችሁ። ወደ አሜሪካ በሚበር አውሮፕላን ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት፣ ማለትም ከአንድ የለስላሳ ቆርቆሮ የበለጠ፣ በእጅ ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ ለብቻው ይፈተሻል፤ ፈታሹ ምንነቱን ማረጋገጥ ካልቻለ እዚያው ይቀራል። በርበሬ፣ ሽሮና በሶ እንግዲህ ዱቄት ናቸው። የሕፃን ወተት ዱቄት ከዚህ ነፃ ነው፣ ግን ፈታሹ ከበርበሬው ጋር ሲሟገት ወተቱም አብሮ ይዘገያል፣ ልጁም አብሮ ያለቅሳል። በእጅ የሚያዘው ደግሞ ብዙ ጊዜ 7 ኪሎ ብቻ ነው፣ እሱም የማን እንደሆነ ወደ በኋላ እናገራለሁ።

ቋንጣ አትላኩ። ከኛ አገር የሚሄድ ሥጋ ደርቆም ተቀምሞም አይገባም፤ የከብት በሽታ ሕግ ነው፣ መለማመጥ አይሠራም። የሚበላ ነገር የያዘ ሰው መያዙን መናገር አለበት፤ ሳይናገር ከተገኘበት ለመጀመሪያ ጊዜ እንኳ እስከ 1000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። የሚቀጣው ላኪው ሳይሆን ልጅ ታቅፎ የቆመው አባት ነው። "ደረቅ ሻይ ቅጠል ናት" ተብላ በቴፕ ተጠቅልላ የምትመጣዋ ነገር ጫት ሆና ስትገኝ ደግሞ ከቅጣትም ያለፈ ነው፤ እዚያ አገር በአደንዛዥ ዕፅ ሕግ የሚያስጠይቅ ነው፣ ያውም ሰውዬው ገና የመኖሪያ ወረቀቱን ሳይቀበል። ስለዚህ ተጓዦች፣ በቴፕ የታሸገ ማንኛውም ዕቃ ላኪው ፊት ይከፈት። "አላመንሽኝም?" ካለች አዎ፣ አላመንኩሽም በሏት። ሻንጣውን ራሳችሁ አዘጋጅታችኋል ወይ ተብላችሁ ስትጠየቁ መልሱ የናንተ ነው።

ደግሞ ተቀባዩ! ቤተሰቡ ገና የገባ ዕለት ስልክ ይደውላል። ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደኋላ ነው፤ ልጆቹ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነቅተው "ቁርስ" ይላሉ፣ ቀን 8 ሰዓት ላይ ሳህን ላይ ይተኛሉ። እናትየው በዚህ መሀል ዐይኗን ልትከድን ስትል "ዕቃዬ ደህና ደረሰ?" መጥተህ ውሰድ ሲባል "መኪና የለኝም፣ በዚህ በኩል ስታልፉ" ይላል። በየት በኩል? መንገዱን የሚያውቅ ማን አለ?

ወደ ሽኝቱ እንምጣ። የምትወዱን መሆናችሁ ይታወቃል። ግን ሥራ ውላችሁ ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ላይ መጥታችሁ፣ ቡናው ሦስተኛው እስኪወርድ ተቀምጣችሁ፣ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ስትነሱ፣ ሕፃን ልጅ የሚተኛው 2 ሰዓት ላይ መሆኑን ማን ይንገራችሁ? ልጁ ሊተኛ ሲል ሚሪንዳ ይሰጠዋል፣ ከረሜላ ይጨመርለታል። "ጉንፋን ይዞኛል አትሳመኝ" ብሎ ጀምሮ ስድስት ጊዜ የሚስም አጎት አለ። ጉንፋን የያዘው ልጅ አውሮፕላን ሲወርድ ጆሮው ይደፈናል፤ የአፍንጫና የጆሮ መተላለፊያው በእብጠት ስለተዘጋ የአየር ግፊቱ አይስተካከልለትም። ያ ጩኸት የሚሰማው አውሮፕላን ውስጥ ነው፤ ሳሚው ግን አልጋው ላይ ነው።

ልጁን ይዞ የሚያለቅስስ? "ልታድግብኝ ነው ሳላይህ፣ አማርኛ ልትረሳብኝ ነው!" የሦስት ዓመት ልጅ ይሄን ሲሰማ የሚገባው አንድ ነገር ነው፦ የሚሄድበት ቦታ የሚያስለቅስ ነው። ከዚያ ልብሱ ላይ መሽናት ይጀምራል፣ ማታ ይነቃል፣ ሠራተኛዋ ላይ ይጣበቃል። በዚሁ ወር ዳይፐር ማስተው፣ ጡት ማስጣል፣ ለብቻ ማስተኛት መጀመር የለበትም፤ የጀመረም ለጊዜው ያቁመው። ሠራተኛዋንም "ሳያይ ትሂድ" ብላችሁ በር በር የምታሳዩ፣ ተዉ። ልጁ በጠዋት ተነሥቶ በር በሩን ሲያይ ይውላል። ከአንድ ወር በፊት ይነገራት፣ ሌላ ሥራ ይፈለግላት፣ የመጨረሻው ቀን ልጁን ቁርስ አብልታ፣ ቻው ብላ፣ ዐይኑ እያየ ትውጣ። ያለቅሳል፣ ግን ያውቃል።

የቤት ዕቃ አንድ ነገር ብቻ፦ ሶፋውና ቴሌቪዥኑ ቀድሞ ይሸጥ፤ ፍሪጅ፣ ምድጃ፣ ልብስ ማጠቢያና የልጆች አልጋ መጨረሻ ላይ። ገዢው ቀብድ ከፍሎ በበረራው ቀን ይውሰድ። "ለሌላ ሰው ሊሸጡብኝ ነው" ብሎ ሦስት ሳምንት ቀድሞ ፍሪጅ ጭኖ የሚሄድ ዘመድ፣ የልጁ ወተት የት እንደሚቀመጥ አብሮ ያስብ።

የክትባቱን ጉዳይ ግን ረጋ ብላችሁ ስሙኝ፣ ዘመድ በር እያንኳኳ ወላጅ የሚረሳው እሱን ነው። ቪዛው ቢበዛ 6 ወር ነው የሚሰጠው፣ ከጤና ምርመራውም ጋር የተያያዘ ነው፤ ለዚህ ነው ሁሉም ነገር በጥቂት ሳምንት ውስጥ የሚጨናነቀው። ከ2 እስከ 14 ዓመት ያለ ልጅ የቲቢ የደም ምርመራ ይወሰድለታል። እንደ ኩፍኝ ያለ ሕያው ክትባት የደሙን ውጤት ሊያሳስት ስለሚችል ወይ በአንድ ቀን ይወሰዳሉ፣ ወይ ከክትባቱ በኋላ ቢያንስ 4 ሳምንት ይጠበቃል። እኛ አገር በ9 ወር የሚሰጠው የኩፍኝ ክትባት ደግሞ እዚያ አይቆጠርም፣ ከ12 ወር በፊት ነዋ። ተጨማሪ ኤም ኤም አር (የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባት) ያስፈልጋል። እሱ ትኩሳት ካመጣ የሚያመጣው በማግስቱ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ልጁን ከበረራው አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ካስወጋችሁ ትኩሳቱ ሰማይ ላይ ይጠብቃችኋል።

ካርዱ ላይ ያለው ቀን ደግሞ በኛ አቆጣጠር ነው። ጥር 5 ቀን 2013 የተወጋ ልጅ ካርዱ ላይ 05/05/13 ተብሎ ይጻፍለታል። እዚያ ያለችው ነርስ ይሄን የምታነበው ሜይ 5፣ 2013 ብላ ነው፤ ልጁ ከመወለዱ ዓመታት በፊት ማለት ነው። ትክክለኛው ጃንዋሪ 13፣ 2021 ነበር። ካላመነችው እንደገና ይወጋል። "ፔንታ" የሚለውም ቃል እዚያ ብዙ ሰው አይገባውም፤ ውስጡ ያሉት አምስቱ፣ ዘጊ አነዳ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ትክትክ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሂብ፣ አንድ በአንድ በእንግሊዝኛ ስማቸው ይጻፉ። ጤና ጣቢያው በማኅተም፣ በፈረንጅ ቀን እንዲጽፍ ጠይቁ። ይሄ ወረቀት በእጅ ሻንጣ ነው የሚሄደው።

የእጅ ሻንጣው የማን እንደሆነ እናገራለሁ ብዬ ነበር። የልጆቹ ነው። ከቤት ወጥቶ ሌላ ቤት እስኪገባ ሙሉ ቀን ያህል ነው፤ ዳይፐር ለሚያደርግ ልጅ 10፣ 12 ዳይፐር። ለያንዳንዱ ልጅ ሁለት ቅያሪ፣ ለእናትና አባትም አንድ አንድ ቲሸርት፤ ልጅ የሚያስታውከው ራሱ ላይ ብቻ አይደለም። የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦ፣ ሙዝ፤ ሙዙ ከመውረድ በፊት ይበላ ወይም አውሮፕላኑ ላይ ይቅር። የልጆች ፓራሲታሞል ከነመለኪያው፤ መድኃኒት በመሆኑ ከ100 ሚሊ ቢበልጥም ለፈታሹ ከተነገረ ያልፋል። ብልቃጡን ግን አንብቡ፤ የኛው ሽሮፕ ብዙ ጊዜ በ5 ሚሊ ውስጥ 120 ወይም 125 ሚሊ ግራም ነው፣ የአሜሪካው 160 ነው፣ ስሙም አሴታሚኖፌን ነው። በድሮው ማንኪያ አዲሱን መስጠት መጠን ማብዛት ነው። እና ብርድ ልብሱ። እዚህ ውስጥ የበርበሬ ቦታ ካያችሁ አሳዩን።

የምር ልትረዱ ከፈለጋችሁ ቅዳሜ ከሰዓት መጥታችሁ ልጆቹን ለሦስት ሰዓት ውሰዷቸው። ምሳ አብልታችሁ፣ አጫውታችሁ፣ 11 ሰዓት ላይ መልሱ። የእጅ ሚዛን ያለው ያውስ።

ከወዲያ ሆናችሁ የምትቀበሉም፣ እቅፍ አበባው ይቆየን። ዋሽንግተንም ሆነ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ልጅ 8 ዓመት እስኪሞላው በልጆች የመኪና መቀመጫ (ካር ሲት) ነው የሚሄደው፤ 2 ዓመት ያልሞላው በጥቅሉ ፊቱን ወደኋላ አዙሮ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ መቀመጫ የአሜሪካን ደረጃ ማሟላቱን የሚገልጽ ጽሑፍ ከሌለበት አይጠቅምም። "ታቅፋው ትቀመጣለች፣ ቅርብ ነው" ብሎ ነገር የለም። የልጆቹን ዕድሜና ኪሎ ከነሱ ጠይቃችሁ ካር ሲቱን ቀድማችሁ ግዙ፣ ከበረራው ቀን በፊት መኪናው ላይ እሰሩት፣ ታስሮ ቀበቶው በሚያልፍበት በኩል ስትነቀንቁት ከ2.5 ሳንቲ ሜትር (ከአንድ ኢንች) በላይ የሚንቀሳቀስ ከሆነ አልጠበቀም፣ እንደገና እሰሩት። ከዚያ ሁለት ካር ሲት የገባበት መኪና ስንት ሻንጣ እንደሚይዝ አይታችሁ፣ በርበሬ ለላኩላችሁ ሰዎች ቁጥሩን ንገሯቸው።