ዕቁብን «ሌላ ካለ ይጠቀስ» ውስጥ የከተተ ጥበብ

የጎንደርን ቅዳሜ ገበያ ሊያጠኑ ለሚወርዱ ባለሙያዎቻችን ምስጋና ሲያንሳቸው ነው። አንዲት የበርበሬ ነጋዴ በአንድ ጠዋት ለሁለት ትምህርት ክፍል ትመልሳለች። የኢኮኖሚክሱ መጠይቅ ይዞ ይቀድማል፤ የሶሺዮሎጂው መቅረጸ ድምፅ ይዞ ይከተላል። መንገድ ላይ ቢገናኙ ሰላምታ ብቻ ነው። በሰው ሙያ ገብቶ መፈትፈት ነውር አይደል!

የኢኮኖሚክሱ ፈጣን ነው።

«እናቴ፣ ብድር አለብዎት?»

«ኧረ እግዜር ይጠብቀኝ ልጄ!»

«የባንክ ቁጠባስ?»

«የለኝም።»

ተጻፈ፤ ብድርም ቁጠባም የለም። ነጋዴዋ ግን 20 ሰው በየሳምንቱ 1,000 ብር የሚጥልበት ዕቁብ አላት፤ ዕጣውም በመጀመሪያው ሳምንት ደርሷታል። 1,000 ጥላ 20,000 ወሰደች። 19,000 ብር ያለ ወለድ ተበድራ በ19 ሳምንት ትከፍላለች ማለት ነው። መጨረሻ የሚደርሰው ደግሞ ያለ ወለድ ሲቆጥብ ይከርማል፤ ኑሮ ሲወደድ ብሩ እጁ ሳይገባ ያልቅበታል። ይህ ሁሉ መጠይቁ ግርጌ «ሌላ ካለ ይጠቀስ» የሚለው መስመር ላይ ይሰፍራል፤ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ቁጥር ስላልሆነ ይጣላል። ንጹሕ ዳታ ይሏል ይሄ ነው።

የሶሺዮሎጂው በበኩሉ ስለ መተማመን አንድ ሰዓት ተኩል ይቀዳል። ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ ዋሱ፣ ሐዘን የደረሰበት ሰው ቅድሚያ ማግኘቱ፣ ሁሉም ይጠየቃል። ስንት ብር እንደሚጣል ብቻ ይቀራል፤ ጨዋ ልጅ የሰው ገንዘብ አይጠይቅም። ዕጣውን ቀንሶ የሸጠ አባል እንዳለ ቢነግሩት «ማኅበራዊ ካፒታል» (ከትውውቅና ከመተማመን የሚገኝ ጥቅም) ብሎ ያልፋል። ቅናሹ ብሩን ቀድሞ ለማግኘት የሚከፈል ወለድ መሆኑን መናገር የጎረቤት ክፍል ሥራ ነዋ!

ቀድማ የወሰደችው ለምን አትጠፋም? ይህ ጥያቄ ነውር ነው፤ ሁለቱን ትምህርት ክፍሎች ያገናኛል። ዋሷ በዱቤ በርበሬ የሚያወርድላት ጅምላ ነጋዴ፣ የዕድሯም አባል ነው። ብትጠፋ ዱቤውም ዕድሩም አብሮ ይሄዳል፤ ከ19,000 ብር የሚበልጥ ኪሳራ። የሶሺዮሎጂው ምሁር ማርክ ግራኖቬተር ንግድ በትውውቅ መረብ ውስጥ የተተከለ መሆኑን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። የኢኮኖሚክሶቹ ምሁራን ቤስሊ፣ ኮትና ሎሪ የዕቁብን መሰል ማኅበር ጥቅም በቀመር ያሳዩት ደግሞ በ1993። የእኛዎቹ ታዲያ አንዱን ለአንዱ ክፍል፣ ሌላውን ለሌላው አከፋፍለው በሰላም ይኖራሉ።

የሁለቱም ጥናት ምክረ ሐሳብ ግን፣ ተመስገን፣ አንድ ነው፦ ለነጋዴዎች የቁጠባ ባህል ሥልጠና ይሰጥ። ሥልጠናው እሑድ ከሰዓት በኋላ ተይዟል፤ ዕቁቡ በሚጣልበት ሰዓት።